የጌም ስክሪን በኮልፌ ቀራንዮ፦ ከባለ 14 ኢንቹ ቴሌቪዥን እስከ 4ኬ

ኮልፌ ቀራንዮ ከመርካቶ በስተምዕራብ ተነሥቶ በአጠና ተራ፣ በ18 ማዞሪያ፣ በአየር ጤና፣ በዓለም ባንክና በቤቴል በኩል እስከ አዲስ አበባ ዳርቻ የሚዘረጋ፣ አሁን የሚታወቅበትን የክፍለ ከተማ አደረጃጀትም በ1995 ዓ.ም. ያገኘ ሰፊ የመኖሪያ አካባቢ ነው። በዚህ አካባቢ የቪዲዮ ጌም መጫወቻ ስክሪን እንዴት ሲመረጥ እንደኖረ መመርመር ላይ ላዩን ሲታይ የአንድ ሸቀጥ ታሪክ ብቻ ይመስላል፤ ሆኖም የቤተሰብ ገቢ፣ የሳሎን ስፋት፣ የመብራት ሁኔታ፣ የመርካቶ ንግድና የወጣቶች የመሰብሰቢያ ልማድ ሁሉ አብረው የሚገለጡበት ጉዳይ ነው። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚታየው እውነት ጌም በኮልፌ ለብዙ ዓመታት የራሱ ስክሪን ያልነበረው መሆኑ ነው። ለዜና፣ ለድራማ፣ ለፊልምና ለእግር ኳስ ተብሎ በተገዛ ቴሌቪዥን ላይ ተራውን እየጠበቀ ሲስተናገድ ኖሯል፤ ለእሱ ብቻ ተብሎ ስክሪን መመረጥ የጀመረው በቅርቡ ነው። ዛሬ ገዢዎች ስለ 4ኬ፣ ስለ ሄርዝና ስለ ኢንች የሚያነሡት ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የሚያገኘውም ይህ የኋላ ታሪክ ሲታሰብ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት ነበር። ሥርጭቱ በጥቁርና ነጭ፣ ሰዓቱም አጭር ነበርና መቀበያው በባለጸጎች ቤትና በሆቴሎች ተወስኖ ቆየ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የቀበሌ አዳራሾችና መዝናኛ ክበቦች ቴሌቪዥን ማስገባት ሲጀምሩ የሰፈር ሰው አንድን ስክሪን በጋራ ማየት ለመደ፤ በግሉ ቴሌቪዥን የነበረው ቤተሰብም የጎረቤት ልጆችን ከደጅ መመለስ ነውር ስለሆነበት፣ በተለይ በቅዳሜና በእሑድ ምሽት ሳሎኑን ለሰፈሩ ይከፍት ነበር። የቀለም ሥርጭት በቋሚነት የተጀመረው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በተከበረበት በ1977 ዓ.ም. መባቻ ሲሆን፣ ባለቀለም መቀበያ ወደ ተራው ቤት ለመግባት ግን ተጨማሪ ዓመታት ወስዶበታል። አንድ ስክሪን ለብዙ ዓይን የሚለው ይህ ልማድ፣ ኋላ ላይ ጌም ወደ ሰፈሩ ሲመጣ የሚጫወቱበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የስክሪኑን ዓይነት ጭምር የወሰነ በመሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በዚያ ዘመን የነበሩት መቀበያዎች ሁሉ በካቶድ ጨረር ቱቦ የሚሠሩ ነበሩ። ይህ ቱቦ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፈርዲናንድ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1897 ከሠራው መሣሪያ የወረደ፣ አየሩ የተመጠጠ ወፍራም የመስታወት ዕቃ ሲሆን፣ ከኋላው የሚተኮሰው የኤሌክትሮን ጨረር ፎስፈር በተባለ ብርሃን ሰጪ ንጥረ ነገር የተቀባውን የፊት መስታወት ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እየመታ ያበራዋል። ኢትዮጵያ የተከተለችው ፓል የተባለው የቀለም ሥርዓት ምስልን በ625 መስመሮች የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ለዓይን የሚታዩት 576 ናቸው። ምስሉ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በየተራው ግማሽ ግማሽ መስመሮቹ እየተሣሉ፣ ይታደሳል፤ ቁጥሩ 50 የሆነውም የአውሮፓ የኤሌክትሪክ ኃይል በ50 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ፣ የሚሠራ ስለነበረ ነው። አሜሪካና ጃፓን ግን ኤንቲኤስሲ በሚባል ሌላ ሥርዓት 525 መስመሮችን በሰከንድ 60 ጊዜ ያሳዩ ነበር። ልዩነቱ የመሐንዲሶች ጉዳይ ቢመስልም ጌም ላይ ጉልህ ውጤት ነበረው፤ ለ60 ተሠርቶ በ50 እንዲሄድ የተደረገ ጌም፣ አሠሪው ካላስተካከለው በቀር፣ ከታሰበለት ፍጥነት በ17 በመቶ ገደማ ይዘገያል፤ ከላይና ከታች ጥቁር መቀነትም ይታይበታል።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ንግድ ሲላላ፣ ከዱባይና ከሌሎች የባሕረ ሰላጤ ከተሞች የሚመጣው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መርካቶን ሞላው፤ ዱባይ ተራ የሚባለው የገበያው ክፍልም ስሙን ከዚሁ ንግድ አግኝቷል። ኮልፌ ለመርካቶ ቅርብ በመሆኗ ዕቃው ሩቅ ሳይጓዝ ይደርሳት ነበር። መጀመሪያ የተስፋፋው ቪዲዮ ቤት ሲሆን፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ በአግዳሚ ወንበር የተደረደሩ ተመልካቾች የህንድና የሆሊውድ ፊልም በሳንቲም ያዩ ነበር። የጌም መጫወቻ መሣሪያ፣ በተለምዶ ኮንሶል የሚባለው፣ የመጣው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከውጭ የሚመለሱ ዘመዶች ለልጆች ይዘውት የሚመጡት መሣሪያ ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ሥሪት ስለሆነ ሁለት ችግር ነበረበት፤ በ120 ቮልት እንዲሠራ የተበጀው መሣሪያ ያለ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፣ የኤንቲኤስሲ ምስሉም ፓል ብቻ በሚያውቅ ቴሌቪዥን ላይ ቀለም አልባ ሆኖ ወይም እየተንከባለለ ይታያል። ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠሩት ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው ሁለቱንም ሥርዓት የሚቀበሉ ስለነበሩ፣ በአዲስ አበባ ለጌም የሚሆን ስክሪን ሲመረጥ ከመጀመሪያዎቹ መመዘኛዎች አንዱ ይህ ሆነ።

ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ለገበያ ያቀረበው ፕሌይስቴሽን 2 በዓለም ዙሪያ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ፣ በታሪክ እጅግ የተስፋፋ ኮንሶል ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ሰፈሮች የፕሌይስቴሽን ቤትን ልማድ የፈጠረውም እሱ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከመንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ወይም ሱቅ ሲሆን፣ በግድግዳው ዙሪያ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቴሌቪዥኖች፣ በእያንዳንዱ ፊት አንድ ኮንሶልና ሁለት ጆይስቲክ ይቀመጡበታል። ክፍያው በጌም ወይም በሰዓት ይታሰባል፤ በጌም ሲሆን የተሸነፈው ተነሥቶ ተረኛው ይተካል። የሚጫወቱት በአብዛኛው እግር ኳስ ነው፤ በመጀመሪያ ዊኒንግ ኢለቨን፣ ኋላ ደግሞ ፊፋ ሰፈሩን ተቆጣጠሩት፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ የሚታይበት ጊዜ ከመስፋፋቱ ጋር ተዳምሮ፣ የአርሰናልና የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ቅዳሜ ያዩትን ጨዋታ እሑድ በጆይስቲክ ይደግሙት ነበር። ትምህርት ቤቶችና ወላጆች እነዚህ ቤቶች ልጆችን ከትምህርት ያዘናጋሉ ብለው ያማርሩ ነበር፤ የከተማው አስተዳደርም በትምህርት ቤቶች አቅራቢያ የሚገኙ መዝናኛ ቤቶችን በየጊዜው ሲቆጣጠርና ሲዘጋ ቆይቷል። ቅሬታው መሠረት ነበረው፤ ሆኖም በየቤቱ ኮንሶል መግዛት በማይታሰብበት ሰፈር አንድ ልጅ ዲጂታል መሣሪያን በእጁ የሚነካበት የመጀመሪያ ስፍራ ይኸው ቤት እንደነበር መርሳት ለታሪኩ ታማኝ አለመሆን ነው።

የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ስክሪን ሲመርጥ የሚያያቸው ነገሮች ከዛሬው ገዢ ፈጽሞ የተለዩ ነበሩ። ባለ 14 ኢንቹ ቴሌቪዥን ርካሽና ቦታ ቆጣቢ ቢሆንም ለሁለት ተጫዋችና ከኋላ ለሚቆሙ ተመልካቾች ያንሳል፤ ባለ 29 ኢንቹ ሰፊ ቢሆንም ዋጋውና ክብደቱ የሚቻል አልነበረምና ባለ 21 ኢንቹ መካከለኛው ምርጫ ሆነ። ኤቪ የሚባለው፣ ቢጫው ሶኬት ምስልን፣ ነጩና ቀዩ ድምፅን የሚያስተላልፉበት ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ በቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት መኖሩም ትልቅ ነገር ነበር፤ ዕቃው ቀኑን ሙሉ ሲነቀልና ሲሰካ ስለሚውል ከኋላ ያለው ቀዳዳ ቶሎ ይላላል። አንድ ዓይነት ጌም ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚሄድ በስክሪኑ ጥግ የሚቆመው የውጤት ሰሌዳ በፎስፈሩ ላይ ለዘለቄታው ሊታተም ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ መታተም ኦሌድ በሚባሉት የዛሬዎቹ ውድ ስክሪኖች ላይም ያለ ችግር መሆኑ የድሮውን ልምድ ዋጋ ያሳያል።

ቴክኒኩን በቅርብ የተመለከተ ሰው እነዚህ ወፍራም ቴሌቪዥኖች ለፕሌይስቴሽን 2 የተስማሙ እንደነበሩ መመስከር አለበት። በካቶድ ጨረር ቱቦ ላይ የሚመጣው ምስል በመቀበያው ሳይቀነባበር እንደመጣ ስለሚሣል፣ ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫንና ውጤቱ በስክሪኑ ላይ ሲታይ መካከል ያለው መዘግየት ከሞላ ጎደል የለም። ጠፍጣፋው ስክሪን ግን ከፒክሰሎች የተሠራ ነው፤ ፒክሰል የምስሉ ትንሿ ነጥብ ስትሆን፣ የፒክሰሎቹ ብዛት፣ ማለትም ሬዞሉሽን የሚባለው፣ በፋብሪካ የተወሰነ ነው። ከዚያ ያነሰ ምስል ሲመጣለት አስልቶና ዘርግቶ ማሳየት ግድ ስለሚሆንበት ምስሉ ይደበዝዛል፣ ስሌቱም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ወደ ሰፈሩ ሲገቡ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ የለመዱ ተጫዋቾች ስክሪኑ ላግ ያደርጋል፣ ማለትም ይዘገያል፣ ቢሉ፣ የሚናገሩት በልኬት ሊረጋገጥ የሚችል እውነት ነበር።

ነገሩን የገለበጠው ፕሌይስቴሽን 3 ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 የወጣው ይህ ኮንሶል ኤችዲኤምአይ በተባለው ዲጂታል ገመድ ምስልን እስከ 1920 በ1080 ፒክሰል ድረስ ማሳየት ይችል ነበር፤ አብዛኞቹ ጌሞቹ በእርግጥ የሚሄዱት በ1280 በ720 ቢሆንም፣ ያም ቢሆን ከፓል ምስል ከሁለት እጥፍ በላይ ነጥብ ነው። ጌም ሠሪዎች ጽሑፍንና ምልክትን ለዚህ አዲስ ጥራት አሳንሰው መሣል ስለጀመሩ፣ ያው ጌም በአሮጌው ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ሲሄድ የተጫዋቾች ስምና የምርጫ ዝርዝር የማይነበብ ሆነ። የጎኑ ስፋት ለቁመቱ 4 ለ3 የነበረው ስክሪን 16 ለ9 የሆነውን አዲስ ምስል ወይ ጠርዙን ቆርጦ ወይ አሳንሶ ነበር የሚያሳየው። የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ኮንሶሉን ሲቀይር ስክሪኑንም ለመቀየር የተገደደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጌም ራሱ ስክሪን እንዲገዛለት መጠየቅ የጀመረበት ዘመን ከዚህ ይቆጠራል።

በዚያው ሰሞን የግል ኮምፒውተር በሌላ መንገድ መጣ። በኢንተርኔት ካፌዎችና በኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች የነበሩት ማሽኖች ከሥራ ሰዓት ውጭ ካውንተር ስትራይክ፣ ኒድ ፎር ስፒድና ቫይስ ሲቲ ይሄዱባቸው ነበር። የኮምፒውተር ሞኒተር ከቴሌቪዥን የሚለየው ጣቢያ የሚስብ ክፍል የሌለው፣ ከአንድ ሜትር በታች ርቀት ላይ ለሚቀመጥ አንድ ሰው የተሠራ በመሆኑ ነው፤ እናም በኮልፌ የጋራ ልማድ ውስጥ የመጀመሪያው የአንድ ሰው ስክሪን እሱ ነበር። ከውጭ መሥሪያ ቤቶች የተነሡ፣ ነጋዴዎች ዩዝድ የሚሏቸው ሞኒተሮች ዛሬም ከአዲሱ በብዙ ባነሰ ዋጋ ስለሚገኙ፣ የአነስተኛ ገቢ ተጫዋች የመጀመሪያ ምርጫ እነሱ ናቸው። ድክመታቸው ለጽሑፍ ሥራ ተብለው የተሠሩ በመሆናቸው አብዛኞቹ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ መታደሳቸው ነው፤ በ60 ሄርዝ አንድ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ በስክሪኑ ላይ ይቆያል፣ በ144 ሄርዝ ግን 6.9 ብቻ፤ በፍጥነት የሚተኮስበት ጌም ለሚጫወት ሰው ልዩነቱ በእጅ የሚሰማ ነው።

እዚህ ላይ መብራትና ገንዘብ ከቴክኒኩ እኩል ታሪኩን እንደመሩት መጠቀስ አለበት። በ2001 ዓ.ም. የነበረው የመብራት ፈረቃ፣ ከዚያም በ2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ግድብ ውኃ በመቀነሱ በግንቦት የተጀመረው ፈረቃ፣ ፕሌይስቴሽን ቤቶችን ሥራ ፈት አድርጓቸዋል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ብዙ የኃይል ካርድ ያቃጠለ ስለሆነም ስታቢላይዘር፣ ማለትም ቮልትን የሚያረጋጋ መሣሪያ፣ ከስክሪኑ ጋር አብሮ የሚገዛ ዕቃ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚመጣው ስክሪን ዋጋ በብር ሲታሰብ ምን እንደደረሰበት መገመት አያዳግትም። ገዢው አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ሁለተኛ ዕድል የማያገኝበት ገበያ ስለሆነ፣ ስለ ስክሪን ምርጫ በጥንቃቄ መጻፍ ተገቢ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የ4ኬ ዘመን የገባው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። 4ኬ ማለት በወርዱ 3840፣ በቁመቱ 2160 ፒክሰል ያለው፣ በጠቅላላው ከ8.2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ የያዘ፣ 1920 በ1080 ፒክሰል ካለውና ፉል ኤችዲ ከሚባለው አራት እጥፍ የሆነ ስክሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ ለዚህ ጥራት በር ከፈተ፤ በ2020 የወጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ደግሞ ኤችዲኤምአይ 2.1 የተባለውን መስመር ይዘው 4ኬን በሰከንድ እስከ 120 ምስል ማውጣት ቻሉ። ከዚያ በፊት የነበረው ኤችዲኤምአይ 2.0 በሰከንድ 18 ጊጋቢት ብቻ ስለሚያስተላልፍ 4ኬን ከ60 ምስል በላይ አይሸከምም፤ አዲሱ ግን 48 ጊጋቢት ድረስ ይደርሳል። በሱቅ ካርቶን ላይ 4ኬ የሚል ጽሑፍ መኖሩ ብቻ ገዢውን ሊያረካው የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቴሌቪዥኑ 4ኬ ሆኖ ቀዳዳው 2.0 ከሆነ ኮንሶሉ በ4ኬ ከ60 አያልፍም። ከዚህ የባሰው የ4ኬ ምልክት አንዳንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑ የሚቀበለውን እንጂ በእርግጥ የሚያሳየውን ጥራት የማይገልጽ መሆኑ ነው፤ ስክሪኑ በተፈጥሮው 1366 በ768 ፒክሰል ብቻ ሆኖ የሚመጣለትን 4ኬ ምስል አሳንሶ የሚያሳይ ርካሽ ቴሌቪዥን አለና። ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ሰክቶ ትንንሽ ፊደላት ጥርት ብለው መነበባቸውን ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አስተዋይነት አይደለም።

ጥራቱ እውነተኛ በሚሆንበት ጊዜም ጥቅሙ በርቀት ይወሰናል። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ ስድሳኛ እጅ በማያንስበት ጊዜ ነው። ይህ ሲሰላ በባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ከ1.7 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ፉል ኤችዲን ከ4ኬ ለመለየት ይቸገራል፤ በባለ 55 ኢንቹ ወሰኑ ወደ 2.2 ሜትር ይገፋል። የኮልፌን የኮንዶሚኒየም ሳሎን ያየ ሰው ሶፋው ከቴሌቪዥኑ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከ1.7 ሜትር በላይ እንደሚርቅ ያውቃል፤ እዚያ ሆኖ ለባለ 43 ኢንች 4ኬ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል በዓይን የማይታይ ነገር መግዛት ነው። በጠረጴዛ ላይ ለሚጫወት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ባለ 27 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተር ነጥቦቹ ይታያሉ፣ 2560 በ1440 የሆነው ግን ለዓይን ከሞላ ጎደል በቂ ነው፤ የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድም ከ4ኬ ይልቅ ግማሽ ያህል እንኳ የማይሆን ነጥብ ስለሚሣል አይጨነቅም። ፕሌይስቴሽን 5 ይህን መካከለኛ ጥራት መደገፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ሲሆን፣ አንድን ሞኒተር ለኮንሶልም ለኮምፒውተርም ለማዋል የሚፈልግ ወጣት ምርጫው ሰፋለት። ቴሌቪዥን የሚመርጥ ደግሞ ጌም ሞድ የተባለውን ቅንብር ማብራት አለበት፤ ይህ ቅንብር ቴሌቪዥኑ ምስልን ለማሳመር የሚያደርገውን ስሌት በማስቀረት፣ የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ያለ ድካም ይሰጥ የነበረውን ፈጣን ምላሽ በከፊል ይመልሳል።

የተተካው ስክሪን ወዴት ሄደ የሚለው ጥያቄም የኮልፌ ቀራንዮ ታሪክ አካል ነው፤ የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የተከማቸበት ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው ስፍራ፣ የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነውና። በዚያ ስፍራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ይህ ሐዘን በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ዛሬም ትኩስ ነው። የካቶድ ጨረር ቱቦ የኋላ መስታወት በክብደቱ ከ20 በመቶ በላይ የእርሳስ ኦክሳይድ ሊኖረው ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዛማ ብረት ነው። ቤት ለቤት የሚዞሩት ቆራሌዎች አሮጌውን ቴሌቪዥን የሚገዙት በውስጡ ላለው መዳብ ነው፤ መዳቡ ተነቅሎ በምናለሽ ተራ በኩል ወደ ገበያ ሲመለስ መስታወቱ ግን ገዢ የለውም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ያወጣው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ ደንብ ቁጥር 425 እንዲህ ያለው ዕቃ ከሌላው ቆሻሻ ተለይቶ እንዲወገድ የታሰበበት ነው፤ ደንቡ እስከ ቆራሌው ማዳበሪያ ድረስ ካልወረደ ግን በወረቀት ላይ ይቀራል።

ጠፍጣፋው ስክሪን ይህ የእርሳስ መስታወት ባይኖረውም ዕድሜው ከወፍራሙ አያልፍም፤ ጥገናውም የተለየ ነው። በአየር ጤናም ሆነ በአጠና ተራ ያለ ጠጋኝ የተቃጠለ የኃይል ካርድ መቀየር፣ ባክላይት የሚባሉትን ከጀርባ የሚያበሩ ትንንሽ መብራቶች መተካት ይችላል፤ የተሰነጠቀ ፓኔል ግን ዋጋው ወደ አዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ስለሚጠጋ አይጠገንም። የኮልፌ ገዢ መለዋወጫው በመርካቶ የሚገኝለትን የታወቀ ምርት ስሙን ሰምቶት ከማያውቀው ባለ ከፍተኛ ቁጥር ስክሪን የሚያስበልጠው ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ ፉል ኤችዲ ሆኖ ለ8 ዓመት የሚጠገን ስክሪን፣ በሁለተኛው ዓመት ባክላይቱ ጠፍቶ መለዋወጫ ከሚታጣለት 4ኬ ይሻለዋል።